ከሐመዳን እስከ ብሮንክስ፦ የስኳር በሽታ እንዴት ሊለካ ቻለ?



ኢራን ውስጥ ሐመዳን የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ኢብኑ ሲና በ1037 ያረፈውና የተቀበረው እዚያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከ892 ዓመት በኋላ፣ በ1929፣ በዚያችው ከተማ ከአንድ የአይሁድ ቤተሰብ ሳሙኤል ረህባር የተባለ ልጅ ተወለደ። የመጀመሪያውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። የሁለተኛውን ስም የሚያውቅ ግን ብዙ ሰው አይመስለንም። ነገር ግን ዛሬ በመላው ዓለም የስኳር ሕመምተኞች በየጥቂት ወሩ የሚሰጡት ትልቁ የደም ምርመራ የተነሳው ከዚህ ሰው ሥራ ነው። በሁለቱ የሐመዳን ሰዎች መካከል ያለው ዘመን ሐኪሞች አንድ ጥያቄ ይዘው የደከሙበት ነው። ጥያቄው በዓይን የማይታየውን ነገር በቁጥር መያዝ የሚቻለው እንዴት ነው የሚል ነበር።

ስኳር ሲባል ሐሳባችን ቶሎ ወደ ሻይና ወደ ጣፋጭ ይሄዳል። በሽታው ግን የሆርሞን በሽታ ነው። ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሰውነት አልታዘዘው ሲል፣ ከምግብ የተገኘው ስኳር ወደ ሴሎች መግባቱ ቀርቶ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛም ወደ ሽንት ይፈስሳል። የጥንት ሐኪሞች የሚያዩት ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነበር። ሽንት የበዛበት፣ ውሃ የማይጠግብ፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ይመጣላቸዋል።

በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የቀጰዶቅያው አሬቴዎስ በሽታውን ሲገልጽ የሰውየው ሥጋ ቀልጦ በሽንት የሚወጣ አድርጎ አየው። የሕንድ ሐኪሞች ደግሞ ሽንቱ ጉንዳን እንደሚስብ አስተውለው «የማር ሽንት» አሉት። ኢብኑ ሲና በ«አል-ቃኑን ፊ ጢብ» ስለዚሁ በሽታ ሲጽፍ ከልክ ያለፈውን የምግብ ፍላጎት፣ የወሲብ አቅም መድከምን፣ የሰውነት ክፍል በድን ሆኖ መበስበስን እና የሽንቱን ጣፋጭነት እንዳነሳ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይመዘግባሉ። ዛሬም አንድ ሐኪም የቆየ የስኳር ሕመምተኛ ሲመጣለት እግሩን ገልጦ የሚያየው በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብለን እንበል። በማኅበራዊ ሚዲያ «ስኳር በሽታን ያገኘው ኢብኑ ሲና ነው» የሚሉ ባለ ሁለት መስመር ጽሑፎች ይዞራሉ። አላገኘውም። የሽንቱን ጣፋጭነት ሕንዶች ከእርሱ በፊት ያውቁት ነበር፤ ሆርሞን የሚባል ነገር መኖሩን ደግሞ በዘመኑ የሚያውቅ አልነበረም። የእርሱ ትልቅነት ሌላ ቦታ ላይ ነው። የግሪኩንና የሌላውንም ዕውቀት ሰብስቦ፣ በሕመምተኛ ላይ ካየው ጋር አስተያይቶ፣ ተማሪ ሊማርበት በሚችል ሥርዓት አስቀመጠው። ይህን ብቻ ብንል ለእርሱ አያንሰውም።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ዐብዱልለጢፍ አል-በግዳዲ (1162–1231) ለስኳር በሽታ ብቻ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። ይህ ሰው የሚታወቀው የተጻፈውን ሳያይ የማያምን በመሆኑ ነው። ግብፅ ሳለ ከ2,000 በላይ የራስ ቅሎችን መርምሮ፣ የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት እንጂ ጋሌን እንዳለው ሁለት እንዳልሆነ ጽፏል። በዘመኑ በጋሌን ላይ ይህን ማለት ቀላል ድፍረት አልነበረም። ስኳርን በተመለከተ ግን ሊቆጥረው የሚችል አጥንት አልነበረውም። የነበረው መሣሪያ ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ ነው።

ምላስ ደግሞ ለብዙ ዘመን ከሥራ አልወጣም። በ1674 እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ የሕመምተኞቹን ሽንት ቀምሶ ጣፋጭነቱን ጻፈ። በ1776 የሊቨርፑሉ ሐኪም ማቲው ዶብሰን ሽንቱን አትንኖ የቀረውን ነጭ ጥሬ ሲያየው ስኳር ሆኖ አገኘው፤ የሕመምተኛው ደምም ጣፋጭ መሆኑን አስተዋለ። በሽታው የኩላሊት ብቻ ሳይሆን የመላው ሰውነት መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስቶች በመዳብ የሚሠራ ሰማያዊ ፈሳሽ አበጁ። ከሽንት ጋር ሲፈላ ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ካለ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ በጣም ከበዛ የሸክላ ቀለም ይሆናል። ሐኪሞች ከመቅመስ የተገላገሉት በዚህ ነው።

በ1889 ስትራስቡርግ ውስጥ ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የአንድ ውሻ ቆሽት አወጡ። ውጭ መሽናት የለመደው ውሻ ወለሉን ያጥለቀልቅ ጀመር፤ ሽንቱ ሲመረመር ስኳር ሞልቶበታል። ቆሽት አንድ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ታወቀ። ያንን ነገር ለማውጣት ሌላ 32 ዓመት ፈጀ። በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ባንቲንግና ቤስት ከማክሊዮድና ከኮሊፕ ጋር ኢንሱሊንን ለዩ። በጃንዋሪ 1922 ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ፣ ክብደቱ 30 ኪሎ እንኳ የማይሞላ፣ መርፌውን ተወጋ። የመጀመሪያው ንጹሕ ስላልነበር አልሠራለትም። ከ12 ቀን በኋላ የተሰጠው የተጣራው ግን አተረፈው። ከዚያ በፊት የሕፃናት ስኳር የሞት ፍርድ ነበር፤ ሐኪሞች ያላቸው መላ ልጁን አስርቦ ጥቂት ወራት መጨመር ብቻ ነው። የግኝቱ ባለቤቶች የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነው።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ በደስታ ያልቃል። ነገር ግን ኢንሱሊን ስለት ነው። ሲያንስ አይረዳም፣ ሲበዛ ይገድላል። ስንት መስጠት እንደሚገባ ለማወቅ የነበረው መንገድ ያው ሽንት ማፍላት ነበር። ሽንት ውስጥ ስኳር የሚታየው ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ከ180 ሚሊግራም ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ስኳሩ 170 የሆነውም፣ 90 የሆነውም፣ 40 ወርዶ ሊወድቅ የደረሰውም ሽንታቸው ያው ሰማያዊ ነው። በዚያ ላይ ሽንት የሚናገረው ከሰዓታት በፊት የነበረውን ነው። ሰዎች ለአሥርት ዓመታት በዚህ ግምት ኢንሱሊን ሲወጉ ኖሩ።

ሆርሞኑንስ ራሱን መለካት አይቻልም ነበር? አይቻልም ነበር። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ባዶ ሆድ ላይ ከአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ያነሰ ነው። ይህን የሚይዝ ሚዛን አልነበረም።

ሮዛሊን ያሎው የተወለደችው ኢንሱሊን በተገኘበት በ1921 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ብሮንክስ በሚባለው ሠፈር ነው። የኑክሌር ፊዚክስ ዶክትሬቷን በ1945 ያዘች። ከዚያም በብሮንክስ የጦር ተሰናባቾች ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረን ክፍል ቤተ ሙከራ አድርጋ ሥራ ጀመረች። ሰሎሞን በርሰን የተባለ ሐኪም ተቀላቀላት፤ እርሷ ፊዚክሱን፣ እርሱ ሕክምናውን ይዘው ከ20 ዓመት በላይ አብረው ሠሩ። መነሻቸው ቀላል ጥያቄ ነበር። በጎልማሳነት የሚመጣው ስኳር ምክንያቱ ኢንሱሊን ቶሎ ቶሎ ስለሚፈርስ ይሆን? ጨረር አመንጪ አዮዲን የተለጠፈበት ኢንሱሊን ለሰዎች ወግተው በደም ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ተከታተሉ። ያገኙት የተገላቢጦሽ ነበር። ከዚህ በፊት ኢንሱሊን ሲወጉ በቆዩት ሰዎች ደም ውስጥ ኢንሱሊኑ ይበልጥ ይዘገያል። ምክንያቱ ሰውነታቸው ከከብትና ከዓሣማ የመጣውን ኢንሱሊን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ፀረ እንግዳ አካል ማምረቱ፣ ያም ኢንሱሊኑን አጣብቆ መያዙ ነበር።

እንዲህ ትንሽ ሆርሞን ፀረ እንግዳ አካል ሊያስነሳ አይችልም ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ይህን ማለት ተቀባይነት አላገኘም። «ሳይንስ» መጽሔት ጽሑፉን መለሰው። ሌላው መጽሔት በመጨረሻ በ1956 ያወጣው ጸሐፊዎቹ ከርዕሱ ላይ «የኢንሱሊን ፀረ እንግዳ አካል» የሚለውን ስም ካነሱ በኋላ ነው። ያሎው የእምቢታ ደብዳቤውን አልጣለችውም፤ ከ20 ዓመት በኋላ በኖቤል ንግግሯ ላይ ለዓለም አሳየችው።

ያንኑ የተናቀ ነገር ገልብጠው መለኪያ አደረጉት። ሐሳቡን በታክሲ እንመስለው። 12 ሰው ብቻ የሚይዝ ሚኒባስ አለ እንበል። ቀይ ኮፍያ ያደረጉ 12 ሰዎች እንልካለን፤ ሌላ ሰው ከሌለ ሁሉም ይቀመጣሉ። አሁን ደግሞ ቁጥራቸውን የማናውቅ ኮፍያ የሌላቸው ሰዎች አብረው ይጋፉ። ስንት ቀይ ኮፍያ ውጭ እንደቀረ ከቆጠርን፣ ኮፍያ የሌላቸው ስንት እንደነበሩ እናውቃለን፤ እነርሱን አንድ በአንድ ማየት አያስፈልገንም። ሚኒባሱ ፀረ እንግዳ አካሉ ነው፤ ቀይ ኮፍያው ጨረር የተለጠፈበት ኢንሱሊን፤ ያልታወቁት ደግሞ በሕመምተኛው ደም ውስጥ ያለው የራሱ ኢንሱሊን። በ1959 እና በ1960 ይህን ዘዴ አሳተሙት። የፈጠራ መብት አላስመዘገቡም። በርሰን በ1972 ስለሞተ የ1977ቱን የኖቤል ሽልማት አላየም። ሽልማቱ ለሟች ስለማይሰጥ ያሎው በዚህ ሥራ ብቻዋን ቆመች።

መለኪያው ሲመጣ የታመነው ተናጋ። በጎልማሳነት ስኳር የያዛቸው ሰዎች ኢንሱሊን የላቸውም ይባል ነበር፤ ሲለካ ግን ብዙዎቹ ከጤነኛ ሰው ያላነሰ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ኢንሱሊን ተገኘባቸው። ችግሩ የሆርሞኑ መጥፋት ሳይሆን ሰውነት ጆሮ መንሳቱ ነው። ዛሬ ዓይነት አንድ እና ዓይነት ሁለት የምንለው ልዩነት በጽኑ መሠረት ላይ የቆመው ከዚህ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ ክፍፍሉ አሁንም አላለቀም። በ2009 ከጎንደር የወጣ ጥናት፣ በገጠር ያሉ ድሃና ቀጭን ወጣቶች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሆነው ሳለ ከተለመደው ዓይነት አንድ ጋር እንደማይመሳሰሉ አሳይቶ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ዓይነት ጉዳይ እንደገና ይከፈት ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 መዝግቦ በ1999 ሰርዞታል። በ2025 ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ስኳር የሀብታም በሽታ ነው ለሚል ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው።

የያሎውና የበርሰን ዘዴ ከኢንሱሊን አልፎ ወደ ዕድገት ሆርሞን፣ ወደ ታይሮይድ፣ ወደ ሌሎቹም ሄደ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካናዳዋ ኩቤክ ከሕፃን ተረከዝ በወረቀት ላይ በደረቀ የደም ጠብታ የታይሮይድ ሆርሞንን መለካት ተጀመረ። ይህ ሆርሞን ጎድሎባቸው የሚወለዱ ሕፃናት በጊዜ ካልታወቁ አእምሯቸው ሳያድግ ይቀራል፤ ከታወቁ ግን በቀን አንድ ኪኒን ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው የሐመዳን ልጅ እንመለስ። ረህባር በቴህራን ዩኒቨርሲቲ የሄሞግሎቢን ተመራማሪ ነበር። ሥራው የሕመምተኞችን ደም በኤሌክትሪክ ኃይል አስሩጦ ሄሞግሎቢኑ የሚሠራውን መስመር ማየት ነው። አንዳንድ ሰዎች ላይ ያልተለመደ መስመር ታየው፤ መዝገባቸው ሲገለጥ የስኳር ሕመምተኞች ናቸው። ሌሎች የስኳር ሕመምተኞችን ፈልጎ ሲያይ ያው መስመር እንደገና ወጣ። በ1968 አሳተመው። ከዚያም ወደ ብሮንክስ፣ ወደ አልበርት አይንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ሄዶ ከሔለን ራኒ ጋር ሲሠራ፣ ያ መስመር ኤዋንሲ የሚባለው የሄሞግሎቢን ክፍል መሆኑ በ1969 ተረጋገጠ። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ኢራንን ለቆ ካሊፎርኒያ ገባ፤ በ2012 እስከሞተበት ጊዜም ስሙ ከሙያው ሰዎች ውጭ እምብዛም አልተሰማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ሄሞግሎቢን ላይ ይለጠፋል፤ ከተለጠፈ አይላቀቅም። ቀይ የደም ሴል ደግሞ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ስለዚህ ስንት ሄሞግሎቢን ስኳር እንደተለጠፈበት ሲለካ ያለፉት ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ይታያል። በየቤታችን የምናውቀው ነገር አለ። ቀጠሮ ሲቃረብ አቢ ሦስት ቀን ስኳር ያልገባበት ሻይ ይጠጣሉ፤ ኡሚም ከሠርግ ቤት ጣፋጭ ትርቃለች፤ በቀጠሮው ጠዋት የጣት ምርመራው ጥሩ ይወጣል። ኤዋንሲ ግን ያለፈውን ሠርግ ሁሉ ይቆጥራል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ2011 ጀምሮ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ በሽታውን ለመለየትም ያገለግላል። አንድ ጥንቃቄ አለው፤ የደም ማነስ ወይም የሄሞግሎቢን ችግር ያለበት ሰው ላይ ቁጥሩ ሊያሳስት ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

ይህ መለኪያ ባይኖር የሚቀጥለው ጥናት አይታሰብም ነበር። ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር ዓይንና ኩላሊትን ያድናል ወይስ ልፋት ብቻ ነው የሚለው ክርክር ኢንሱሊን ከተገኘ ጀምሮ 70 ዓመት ቆይቶ ነበር። ከ1983 እስከ 1993 በአሜሪካና በካናዳ ባሉ 29 ማዕከላት ዓይነት አንድ ስኳር ያለባቸው 1,441 ሰዎች፣ ከ13 እስከ 39 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ በዕጣ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ተለመደው ታከመ፤ ኤዋንሲያቸው 9 በመቶ አካባቢ ነበር። ሌላው ወገን በየቀኑ ደጋግሞ እየለካ ወደ 7 በመቶ አወረደው። ውጤቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመ። ዓይናቸው ገና ባልተነካው ላይ የዓይን ጉዳት አደጋ በ76 በመቶ ቀነሰ፤ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳትም በግማሽና ከዚያ በላይ። ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፤ አጥብቀው በተቆጣጠሩት ላይ ከባድ የስኳር መውረድ ወደ ሦስት እጥፍ ሆነ። ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ከመጀመሪያው ነጥሎ መናገር ትክክል አይመስለንም።

ደጋግሞ መለካት የተቻለው ግን መለኪያው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ስለገባ ነው። ሪቻርድ በርንስታይን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ስኳር ያለበት መሐንዲስ ነበር። በ1969 የደም ስኳር የሚለካ ማሽን ማስታወቂያ አየ፤ 1.4 ኪሎ የሚመዝን፣ 650 ዶላር የሚሸጥ፣ ለሐኪምና ለሆስፒታል ብቻ የተፈቀደ። ሚስቱ ሐኪም ስለነበረች በስሟ አስገዛው። በቀን ብዙ ጊዜ እየለካ ምግብና ኢንሱሊኑን ሲያስተካክል ሕመሙ ቀለለት። ያገኘውን ጽፎ ቢልክ መጽሔቶች አልተቀበሉትም፤ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለምና። በ45 ዓመቱ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባ፤ የገባበትም ረህባር የሠራበት ያ የብሮንክስ ኮሌጅ ነው። ዛሬ ከፋርማሲ የምንገዛት፣ ኪስ የምትገባው መለኪያ እዚህ የደረሰችው እንዲህ ባሉ ሰዎች ግትርነት ነው።

ይህ ሁሉ ከእኛ ቤት ጋር የሚገናኘው ረመዷን ላይ ነው። በ2001 በ13 አገሮች፣ ከሞሮኮ እስከ ኢንዶኔዥያ፣ 12,243 የስኳር ሕመም ያለባቸው ሙስሊሞች ስለ ጾማቸው ተጠየቁ፤ ውጤቱ በ2004 ታተመ። ከዓይነት ሁለት ሕመምተኞች 79 በመቶው፣ ከዓይነት አንድም 43 በመቶው ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። በረመዷን ከባድ የስኳር መውረድ በዓይነት አንድ ወደ 5 እጥፍ፣ በዓይነት ሁለት ከ7 እጥፍ በላይ ጨመረ። በዓይነት ሁለት መነሻው በጣም ትንሽ ስለነበር ጭማሪው እንኳ በወር ከ100 ሰው 3 ገደማ ነው፤ ግን እነዚያ ሦስቱ የሰው አባትና እናት ናቸው።

ከዚህ ጥናት ወዲህ ሐኪሞችና ዑለማዎች አብረው መቀመጥ ጀመሩ። ለታመመ ሰው ያለው ፈቃድ በሱረቱል በቀራ የተቀመጠ ነው፤ ማን በዚህ ውስጥ እንደሚገባ ለመለየት ግን ቁጥር ያስፈልጋል። በ2016 የወጣውና በ2021 የታደሰው ዓለም አቀፍ የስኳርና የረመዷን መመሪያ፣ የደም ስኳር ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ የመግሪብ አዛን ሳይጠበቅ ጾሙ ወዲያው እንዲፈታ ይላል። ስኳር ለመለካት ጣት መውጋት ጾምን እንደማያፈርስም ይገልጻል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም በ1997 ጅዳ ላይ ምግብነት የሌላቸው የሕክምና መርፌዎች ጾም እንደማያፈርሱ ወስኗል። ይህን ባለማወቅ ጾሜ ይበላሻል ብለው ቀኑን ሙሉ የማይለኩ አዛውንቶች አሉ፤ ላብ ሲያጠምቃቸውና እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የጾም ድካም ይመስላቸዋል።

መመሪያው ከሐኪም ጋር መነጋገሩን የሚያስቀምጠው ረመዷን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ ከረጀብ መጀመሪያ እስከ አጋማሹ ባለው ጊዜ ማለት ነው። ያን ጊዜ ኤዋንሲ ተሠርቶ፣ ኢንሱሊኑ ወይም ኪኒኑ ለሱሑርና ለኢፍጣር ተከፋፍሎ፣ መጾም ይችላል ወይ የሚለው ይወሰናል። ቤት ውስጥ ስልክ የሚያውቅ ወጣት ካለ ደግሞ የመለኪያዋን አጠቃቀም ለወላጆቹ ማሳየትና ቁጥሩን ከሱሑር በፊት፣ ቀትር ላይና ከኢፍጣር በፊት እየጻፈ ማስቀመጥ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም።